የእንስሳት ሐኪም ከዲፕሎማው በኋላ ከማን ይማራል? የደስታ በሽታ ታሪክ እንደ ማስረጃ

መግቢያ

እኛ በኮሌጅ ውስጥ ያለን ተማሪዎች ትምህርትን ብዙውን ጊዜ በዓመት እንቈጥረዋለን። ይህን ያህል ዓመት ተማርን፤ ይህን ያህል ቀረን፤ ከዚያ በኋላ ዲፕሎማችንን ተቀብለን ወደ ሥራ እንሄዳለን እንላለን። ነገር ግን በሥራ ላይ ያለ ሰው በትምህርት ቤት ያልተነገረው ነገር ሲያጋጥመው ወደ ማን ዘወር ብሎ ይጠይቃል? ይህን ጥያቄ በጠቅላላው ከማንሣት ይልቅ በአንድ ሙያና በአንድ በሽታ ታሪክ ልንመረምረው አስበናል። ሙያው የእንስሳት ሕክምና ነው፤ በሽታውም በአገራችን ደስታ እየተባለ የሚጠራው የቀንድ ከብት ቸነፈር ነው።

እነዚህን ሁለቱን ያለ ምክንያት አልመረጥንም። የሰው ሐኪም ብዙ ጊዜ በሆስፒታል ከሙያ ባልንጀሮቹ ጋር ይውላል። የከብት ሐኪም ግን ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው እየተዘዋወረ፣ ጠያቂ እንጂ መካሪ በሌለበት ቦታ ብቻውን ይፈርዳል። የደስታ በሽታ ታሪክ ደግሞ ሐኪሞች ያወቁትን እርስ በርሳቸው ሲለዋወጡ ምን እንደ ተገኘ፣ ሳይለዋወጡ ሲቀሩም ምን እንደ ጠፋ፣ በ300 ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ያሳየ ነው።

አስተያየታችንን አስቀድመን በአጭሩ እንግለጽ። ይህን በሽታ ከምድር ላይ ያጠፋው ክትባት ብቻ አይደለም። ክትባቱ ፍሬ የሰጠው ሐኪሙ ከተመረቀ በኋላም ከባልንጀራው፣ ከሌላ አገር ሰው፣ በመጨረሻም ከከብት አርቢው ለመማር ፈቃደኛ በሆነበት ጊዜና ቦታ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲል እንለምናለን።

ስለ በሽታው ጠባይ ጥቂት ቃል ያስፈልጋል። የደስታ በሽታ መነሻው ቫይረስ ነው፤ ቫይረሱም ከሰው ኩፍኝ ቫይረስ ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። የታመመው ከብት ብርቱ ትኵሳት ይይዘዋል፤ ዓይኑና አፍንጫው ይፈሳል፤ አፉ ውስጡ ይቈስላል፤ በኋላም ተቅማጥ ተነሥቶበት በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል። በሽታውን ከዚያ በፊት በማያውቅ መንጋ ውስጥ ከገባ ከ10 ከብት 8 ወይም 9 ሊፈጅ ይችላል። ከታመመው ወደ ጤነኛው የሚተላለፈው በቅርብ በመነካካት ስለ ሆነ የታመመውን ከጤነኛው መለየት ትልቅ መከላከያ ነው። የሚቀጥለው ታሪክ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ቀላል ቁም ነገር ዙሪያ ነው።

ከትምህርት ቤት በፊት የነበረ ዕውቀት

በ1711 በሽታው በሰሜን ኢጣልያ ተነሣ። የፓዱዋ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፕሮፌሰር በርናርዲኖ ራማዚኒ ስለ በሽታው በዚያው ዓመት አስተማረ። ቀጥሎም የሮማው ሊቀ ጳጳሳት የ11ኛው ክሌመንት ሐኪም የነበረው ጆቫኒ ማሪያ ላንቺሲ የታመመውና የተጠረጠረው ከብት እንዲገደልና እንዲቀበር፣ መንገዶች እንዲዘጉ፣ ከብት በስውር የሚያሳልፍ ሰው በብርቱ እንዲቀጣ መከረ። ምክሩንም በ1715 በመጽሐፍ አሳተመው። በእንግሊዝ አገርም በ1714 የንጉሥ ጆርጅ 1ኛ የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበረው ቶማስ ቤትስ የታመሙት ከብቶች በመንግሥት ገንዘብ ተገዝተው እንዲገደሉ፣ ለባለቤቶቹም ካሣ እንዲከፈል አስደረገ። በሁለቱም አገር በሽታው በአጭር ጊዜ ውስጥ ቆመ።

እነዚህ ሰዎች የሰው ሐኪሞች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የእንስሳት ሐኪም የሚባል የተማረ ሰው በአውሮፓ አልነበረም፤ ከብትን የሚያክሙት የመንደር አዋቂዎችና ፈረስን ብረት የሚያጫሙ አንጥረኞች ነበሩ። ስለዚህ የላንቺሲና የቤትስ ዕውቀት ተከታይ ባለሙያ አላገኘም። መጽሐፉ በመደርደሪያ ተቀመጠ፤ በሽታውም በ18ኛው መቶ ዓመት በሙሉ እየተመላለሰ በአውሮፓ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ከብቶችን ፈጀ። እንግዲህ ለአንድ ዕውቀት መገኘቱ ብቻ አይበቃውም፤ ከአንዱ ተቀብሎ ለሌላው የሚያስተላልፍ ማኅበር ያስፈልገዋል።

ሊዮን፣ ለንደንና መጽሔቱ

ይህን ጉድለት ለመሙላት የመጀመሪያው ትልቅ እርምጃ የተወሰደው በፈረንሳይ አገር ነው። በሊዮን ከተማ የፈረስ ግልቢያ ትምህርት ቤት ኃላፊ የነበረው ክሎድ ቡርዥላ በነሐሴ 1761 ከንጉሡ ምክር ቤት ፈቃድ አግኝቶ በ1762 የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ከፈተ። ለትምህርት ቤቱ መከፈት ከተሰጡት ምክንያቶች ዋናው ይኸው የከብት ቸነፈር ነበር። በፓሪስ አጠገብ በአልፎር ሁለተኛው ትምህርት ቤት በ1765 ተከተለ።

የሊዮን ትምህርት ቤት ከሌሎች አገሮችም ተማሪ ተቀበለ። ከዴንማርክ የመጣው ፒተር ክርስቲያን አቢልጎር ወደ አገሩ ተመልሶ በ1773 በኮፐንሃገን፣ ከስዊድን የመጣው ፒተር ሄርንክቪስትም በ1775 በስካራ የየአገራቸውን ትምህርት ቤት አቋቋሙ። በለንደንም በ1791 ሻርል ቪያል ደ ሴንቤል በተባለ ፈረንሳዊ መሪነት ኮሌጅ ተከፈተ። በ30 ዓመት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ትምህርት አውሮፓን አዳረሰ ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ የሠራው ሥራ በምረቃው ቀን ያበቃ ነበር። ሴንቤል በ1793 ከሞተ በኋላ በተተካው በኤድዋርድ ኮልማን ዘመን የለንደኑ ኮሌጅ ተማሪዎቹን በጥቂት ወራት ትምህርት ያስመርቅ ነበር። ትምህርቱም ያዘነበለው ወደ ፈረስ ነው፤ የበሬና የላም በሽታ እምብዛም ቦታ አልነበረውም። እንዲህ ያለ ተመራቂ ወደ ገጠር ወርዶ የታመመ የላም መንጋ ሲያጋጥመው ምን ያድርግ? መጽሐፉ አይነግረውም፤ መምህሩ ሩቅ ነው፤ በአጠገቡ ያለው የመንደር አዋቂም ተወዳዳሪው እንጂ ባልንጀራው አይደለም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ሆኖ የመጣው መጽሔት ነው። በ1828 ዊሊያም ፐርሲቫልና ባልንጀሮቹ «ዘ ቬተሪናሪያን» የተባለ ወርኃዊ መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። የገጠር ሐኪሞች ያጋጠማቸውን እየጻፉ ይልኩ ነበር። በ1888 ደግሞ ዊሊያም ሃንቲንግ «ዘ ቬተሪናሪ ሬከርድ» የተባለውን ሳምንታዊ ጋዜጣ መሠረተ፤ ይህም እስከ ዛሬ ይታተማል። እንዲህ ባለ ጽሑፍ ውስጥ አንድ ሐኪም የገጠመውን በሽታ፣ የሞከረውን መድኃኒትና የሞተውን እንስሳ ከፍቶ ያየውን ሲገልጽ አንባቢው ከዚያ ሰው ድካም ያለ ዋጋ ይማራል። የዳነውን ብቻ ሳይሆን የሞተበትንም የሚጽፍ ሐኪም ለሙያው ትልቅ ውለታ ይውላል ብለን እናምናለን።

ሐምቡርግና ለንደን፦ ተነግሮ ያልተሰማ ምክር

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ የባቡር መንገድና የእንፋሎት መርከብ የከብትን ንግድ እጅግ አፋጠኑት። ቀድሞ በእግሩ ሲነዳ በመንገድ ላይ ታሞ ይታወቅ የነበረው ከብት አሁን ሕመሙ ሳይገለጥ ከሩስያ እንግሊዝ አገር መድረስ ቻለ። ይህን አደጋ አስቀድሞ የተመለከተ ጆን ጋምጂ የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ነበር። ጋምጂ በ1831 በፍሎረንስ ተወልዶ ያደገ ስለ ነበረ የአውሮፓን ትምህርት ቤቶች በሚገባ ያውቃል፤ በ1857ም በኤደንብራ የራሱን ኮሌጅ ከፍቷል። ይህ ሰው በልዩ ልዩ አገር ያሉትን የሙያ ባልንጀሮቹን ጠርቶ በሐምሌ 1863 በሐምቡርግ ከተማ የመጀመሪያውን ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሐኪሞች ጉባኤ አደረገ። ከ10 አገሮች የመጡ ከ100 በላይ ሐኪሞች ተሰብስበው ተላላፊ የከብት በሽታዎች ከአገር ወደ አገር እንዳይሻገሩ ምን ዐይነት ደንብ እንደሚያስፈልግ ተመካከሩ።

ጋምጂ የከብት ቸነፈር ወደ ብሪታንያ መምጣቱ እንደማይቀር አስጠንቅቆ ነበር። ይሁን እንጂ በለንደን ኮሌጅ ፕሮፌሰር የነበረው ጀምስ ቢርት ሲሞንድስ በ1857 በአውሮፓ ተዘዋውሮ ተመልክቶ ሲመለስ ለብሪታንያ ይህን ያህል የሚያሠጋ ነገር የለም የሚል አስተያየት አቅርቧል። መንግሥትም፣ ከብት ነጋዴውም የሚያረጋጋውን ቃል ወደደ።

በ1865 ከረቨል ወደብ (ዛሬ ታሊን ከሚባለው) የተጫኑ ከብቶች በሐል ወደብ ተራግፈው በለንደን ገበያ ተሸጡ። በሰኔ ወር መጨረሻ በሽታው በለንደን የወተት ላሞች ላይ ታየ። ከዚያ በኋላ የሆነው ሊታሰብበት ይገባል። ላንቺሲ መድኃኒቱ መለየትና መግደል ነው ካለ 150 ዓመት አልፎታል፤ ነገር ግን ባለሙያዎቹ እንደ ገና ተከራከሩ። አንዳንዱ በሽታው ከከተማው የቆሸሸ በረት በራሱ የተወለደ ነው አለ፤ ሌላውም የሚፈውስ መድኃኒት ሲፈልግ ወራት አለፉ። ከብቶቹ ሁሉ የግድ እንዲገደሉ የሚያዝዘው ሕግ የወጣው በየካቲት 1866 ነው። በሽታው በ1867 ሲጠፋ ወደ 400 ሺህ የሚጠጋ ከብት አልቆ ነበር።

አንድ ጊዜ በጉባኤ መሰብሰብ ብቻውን አይበቃም የሚለውን ትምህርት ከዚህ እንቀስማለን። በሐምቡርግ የተነገረው እውነት ነበር፤ ነገር ግን ወደየሐኪሙና ወደየሹሙ ጆሮ በየጊዜው የሚያደርሰው መንገድ አልነበረም። በአንድ ዓመት የተሰማ ነገር በሚቀጥለው ዓመት ካልተደገመ ይረሳል።

ምጽዋ፦ ከብቱ ከዕውቀቱ ቀደመ

ከ20 ዓመት በኋላ ያው በሽታ ወደ እኛ አገር መጣ። የኢጣልያ ጦር ምጽዋን በ1885 ከያዘ በኋላ ለጦሩ ቀለብ ተብለው በ1887 ከባሕር ማዶ ከመጡት ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ እንደ ገባ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። ከዚያ ወደ ደጋው ወጣ፤ በጥቂት ወራትም አገሩን አዳረሰ። ከቀንድ ከብቱ እስከ 90 በመቶ የሚደርሰው እንዳለቀ ይገመታል።

አንባቢ የዚህን ትርጕም ያውቀዋል። በእኛ አገር በሬ ሥጋ ብቻ አይደለም፤ ማረሻው ነው። በሬው ሲያልቅ መሬቱ ጾም አደረ፤ በዚያም ላይ ድርቅና አንበጣ ተጨመሩበት። ከ1888 እስከ 1892 የቆየው ረኀብ በሕዝቡ ዘንድ «ክፉ ቀን» ተብሎ ሲታወስ ይኖራል። ዳግማዊ ምኒልክ ሕዝቡ ያለ በሬ በእጁ እንዲቈፍር ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደ ቈፈሩ ይተረካል። ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ ብለው የሚገምቱም አሉ።

የዚህን መቅሠፍት ታሪክ ስንመረምር አንድ ነገር ያሳዝነናል። ከብቶቹ በምጽዋ ሲራገፉ የበሽታው መከላከያ በአውሮፓ ከታወቀ ከ170 ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ ያውም መጀመሪያ በመጽሐፍ የታተመው በዚያው በኢጣልያ ምድር ነው። ጉባኤዎቹ ተደርገዋል፤ መጽሔቶቹም ይታተማሉ። ያ ሁሉ ዕውቀት ግን ከከብቶቹ ጋር በመርከቡ አልተሳፈረም። በእኛም በኩል ተቀብሎ «ከብቱን ለዩ» የሚል አንድ የተማረ ሐኪም አልነበረም። ከብቱ ከዕውቀቱ ቀድሞ ደረሰ።

በሽታው ከምጽዋ ተነሥቶ በ10 ዓመት ጊዜ ውስጥ የአፍሪቃን ደቡባዊ ጫፍ ነካ። በዚያ ጊዜ የአውሮፓ ሊቃውንት ተጠሩ፤ ሮበርት ኮኽ በ1896 መጨረሻ በኪምበርሊ፣ በስዊስ የተወለደው አርኖልድ ቴይለር በትራንስቫል፣ ከፈረንሳይ የመጡት ዳኒሽና ቦርዴም በ1897 በዚያው በትራንስቫል ምርምር አደረጉ። ከዳነ ከብት የሚወጣ ሴረም ሌላውን ከብት እንደሚጠብቅ የታወቀበት ሥራ ከዚህ ዘመን ነው። ሦስት የተለያዩ ቡድኖች አንድን በሽታ በአንድ ዘመን አጠኑ፤ የአንዱ ግኝትም ሌላውን አረመ።

ከአንቨርስ ወደብ እስከ ፓሪስ ስምምነት

አውሮፓ ራስዋ እንደ ገና የተማረችው በ1920 ነው። ከህንድ አገር ወደ ብራዚል የሚሄዱ ከብቶች በቤልጅግ አገር በአንቨርስ ወደብ ሲያልፉ የደስታ በሽታ ተዛመተ። የተፈራው ድንጋጤ መንግሥታትን አነቃ፤ በ1921 በፓሪስ ጉባኤ ተደርጎ ጥር 25 ቀን 1924 በ28 አገሮች ስምምነት ዓለም አቀፉ የእንስሳት በሽታዎች መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ይህ ድርጅት ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት ይባላል።

በስምምነቱ ውስጥ የነበረች አንዲት ደንብ ለጥናታችን ታላቅ ዋጋ አላት። አንድ አባል አገር የደስታ በሽታ በግዛቱ መጀመሪያ ሲታይ ለመሥሪያ ቤቱ በቴሌግራም እንዲያስታውቅ ታዘዘ። በሐምቡርግ በሰዎች ፈቃድና ትጋት ላይ ብቻ ቆሞ የነበረው ነገር አሁን ግዴታ ሆነ። የበሽታ ወሬ የአንድ አገር ምስጢር ሳይሆን የሙያው ሁሉ የጋራ ገንዘብ ሆኖ ተቈጠረ ማለት ነው።

ክትባቱና የመርሳት አደጋ

ከዚያ በኋላ የክትባቱ ታሪክ ይመጣል። በ1920ዎቹ ጄ. ቲ. ኤድዋርድስ በህንድ በሙክተስዋር ላቦራቶሪ ቫይረሱን በፍየል ላይ ደጋግሞ በማሳለፍ አላላው። በ1930ዎቹ ጁንጂ ናካሙራ የተባለ ጃፓናዊ በኮርያ በጥንቸል ላይ ተመሳሳይ ሥራ ሠራ። በመጨረሻም ዋልተር ፕላውራይት ከባልንጀሮቹ ጋር በናይሮቢ አጠገብ በሙጉጋ በ1960 ገደማ ቫይረሱን በሕዋሳት ላይ በማሳደግ ርካሽና አስተማማኝ ክትባት አገኘ። አንድ ጊዜ የተከተበ ከብት ዕድሜውን ሙሉ ይጠበቃል። ፕላውራይት ስለዚህ ሥራው በ1999 የዓለም የምግብ ሽልማትን ተቀብሏል።

እዚህ ላይ አንባቢ «እንግዲህ ነገሩ አለቀ፤ በሽታውን ያጠፋው ክትባት ነው፤ የሐኪሞች መማማር ምን አገባው?» ሊለን ይችላል። ተቃውሞው የሚናቅ አይደለም፤ ያለ ክትባቱ ምንም ባልተደረገ ነበር። ነገር ግን የሚቀጥለውን እንመልከት። ከ1962 እስከ 1976 በ22 የአፍሪቃ አገሮች «የጋራ ፕሮጀክት 15» የተባለ ታላቅ የክትባት ዘመቻ ተካሄደ። በሽታው ከብዙ ቦታ ጠፋ፤ ሁሉም ድል ሆነ ብሎ አሰበ። ሆኖም በማሊና በሞሪታንያ ድንበር፣ እንዲሁም በሱዳንና በኢትዮጵያ አካባቢ ጥቂት የበሽታ ጎሬዎች ቀርተው ነበር። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከእነዚያ ጎሬዎች ወጥቶ አፍሪቃን እንደ ገና መታት፤ በናይጄሪያ ብቻ በመቶ ሺህ የሚቈጠር ከብት አለቀ።

ክትባቱ ያው የፕላውራይት ክትባት ነበር። የጐደለው ምን ነበር? በእርግጥ ገንዘብ አልቋል፤ ጦርነትና ድርቅም ነበረ። ከዚህም በቀር ዘመቻው ሲያበቃ ቡድኖቹ ተበተኑ፤ በሽታው ሲርቅም ምልክቱን በዓይኑ ያላየ አዲስ ተመራቂ በረከተ። የቀሩትን ጎሬዎች በየጊዜው እየተከታተለ ለሌላው የሚያስታውቅ የነቃ ማኅበር አልቆየም። በ1866 ለንደን ላይ የተገኘው ትምህርት በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ።

አፋር፦ ሐኪሙ ከከብት አርቢው ሲማር

በ1986 የአፍሪቃ አገሮች በአንድነት አዲስ ዘመቻ ጀመሩ፤ በ1994ም የመንግሥታቱ ድርጅት የምግብና የእርሻ ክፍል በሽታውን ከዓለም የማጥፋት መርሐ ግብር አወጣ። ትልቁ ችግር ግን በሽታው የተሸሸገበት ስፍራ የሐኪም እግር የማይደርስበት ቈላ መሆኑ ነው። የፕላውራይት ክትባት በቅዝቃዜ መያዝ ይፈልጋል፤ በአፋር ሙቀት ግን በረዶ ይዞ መንጋን መከተል እጅግ አስቸጋሪ ነበር። የአሜሪካው የእንስሳት ሐኪም ጄፍሪ ማሪነርና ባልንጀሮቹ የክትባቱን አደራረቅ አሻሽለው ያለ ማቀዝቀዣ ለአንድ ወር ያህል የሚቆይ ክትባት አዘጋጁ።

ማሻሻያው አንድ ጥያቄ አስከተለ። ክትባቱ በረዶ ካላስፈለገው ተሸካሚውስ የግድ ዲፕሎማ ያለው ሰው መሆን አለበት? በብዙ አገር ብዙ ሐኪሞች በዚህ ነገር ተቃወሙ። ያልተማረ ሰው መርፌ ቢይዝ ሙያው ይዋረዳል፤ ከብቱም ይጐዳል ብለው ፈሩ። ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ ሙያውን ከመንደር አዋቂው ለይቶ ለማስከበር 200 ዓመት ተደክሞበታል።

በአፋር የተደረገው ሙከራ ግን መልስ ሰጠ። ከየጎሳው የተመረጡ 20 ያህል ከብት አርቢዎች አጭር ሥልጠና ተሰጥቷቸው በ1994 ከ70 ሺህ በላይ ከብት ከተቡ። ከተከተቡት መንጋዎች ደም ተወስዶ ሲመረመር ከ100 ከብት ከ80 በላይ የሚሆነው ጥበቃ ማግኘቱ ታወቀ። በአገራችን ከኅዳር 1995 ወዲህ የደስታ በሽታ አልታየም።

የእነዚህ ሰዎች ጥቅም መርፌ መያዛቸው ብቻ አልነበረም። ከብት አርቢው የበሽታውን ምልክት ከአባቱ ተምሮታል፤ የትኛው መንጋ በየትኛው ወር ከየትኛው ውሃ እንደሚገናኝ፣ በሽታውም መጨረሻ የታየው የት እንደ ሆነ ያውቃል። ሐኪሞቹ ይህን በሥርዓት እየጠየቁ መመዝገብ ጀመሩ፤ ከዚያም የበሽታን መንገድ ከአርቢዎች ጋር ሆኖ የማጥናት ዘዴ በሙያው ውስጥ ራሱን የቻለ ትምህርት ሆነ። እንግዲህ ከዲፕሎማ በኋላ ያለው ትምህርት ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ አይደለም፤ ማንበብና መጻፍ የማያውቅ ሰውም የተመረቀውን ሐኪም ሊያስተምር ይችላል።

የመጨረሻው የደስታ በሽታ በ2001 በኬንያ በሜሩ ብሔራዊ ፓርክ በዱር ጎሾች ላይ ታየ። ከ10 ዓመት ጥበቃ በኋላ በግንቦት 2011 የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት፣ በሰኔም የምግብና የእርሻ ድርጅት፣ በሽታው ከምድር እንደ ጠፋ አስታወቁ። ከሰው ፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው።

ዛሬ ያለን ዕዳ

ታሪኩ ግን ከዚህ ጋር አልተዘጋም። ለበግና ለፍየል የሚደርስ ደስታ መሰል በሽታ ዛሬም በአገራችንና በሌሎች ብዙ አገሮች አለ። ሁለቱ ድርጅቶች በ2015 በአቢጃን በተደረገው ጉባኤ ይህን በሽታ እስከ 2030 ለማጥፋት ዐቅደዋል። በዚህ ሥራ የሚሰለፈው ሐኪም በብዛት ደስታን ራሱን ያላየ ትውልድ ነው። ሽማግሌዎቹ የዘመቻ ሰዎች የሚያውቁትን ለወጣቱ ሳያስረክቡ ከቀሩ፣ ከ1976 በኋላ የሆነው አይደገምም ብሎ ዋስ የሚሆን የለም።

መማማሪያው መንገድ ከቀድሞው ይልቅ በዝቷል። በብሪታንያ አንድ የእንስሳት ሐኪም በሙያው ለመቆየት በየዓመቱ 35 ሰዓት ትምህርቱን እንዲቀጥል ይገደዳል። በአሜሪካ በ1991 ፖል ፒዮንና ደንከን ፈርጉሰን የተባሉ ሐኪሞች በኮምፒዩተር አማካይነት የሙያ ባልንጀሮቻቸውን የሚያገናኝ ማኅበር መሠረቱ፤ ገጠር ያለ አንድ ሐኪም ስላጋጠመው በሽታ ጠይቆ ከሌላ አህጉር መልስ የሚያገኝበት ነው። ይህም በ1828 በመጽሔት የተጀመረው ነገር መፍጠኑ እንጂ አዲስ ነገር አይደለም። በእኛም አገር የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ በ1979 በደብረ ዘይት ተቋቁሟል፤ የአፍሪቃ ኅብረት የእንስሳት ክትባት መመርመሪያ ማዕከልም በዚያው ከተማ ይገኛል። በ1887 ተቀባይ አልነበረንም፤ ዛሬ አለን።

መደምደሚያ

ያየነውን በአጭሩ እንሰብስበው። ላንቺሲ እውነቱን አገኘ፤ የሚያስተላልፈው ማኅበር ግን አልነበረም። ጋምጂ ማኅበሩን ሰበሰበ፤ ቃሉን የሚያጸና ሥርዓት ግን አልነበረም። የፓሪስ ስምምነት ሥርዓቱን አጸና፤ ነገር ግን ዕውቀቱ ከላቦራቶሪና ከቢሮ ወጥቶ ከቈላው መንጋ አልደረሰም። የደረሰው ሐኪሙ በአርቢው ፊት ቁጭ ብሎ መጠየቅ በጀመረ ጊዜ ነው። በእነዚህ ደረጃዎች መካከል ያለፈው ጊዜ በዓመት ብቻ የሚለካ አይደለም፤ በበሬ፣ በሰውም ነፍስ ይለካል።

ስለዚህ የእንስሳት ሐኪም ከዲፕሎማው በኋላ ከማን ይማራል ለሚለው ጥያቄ የታሪኩ መልስ ግልጥ ነው። ከባልንጀራው ይማራል፤ ከጎረቤት አገር ይማራል፤ ከበረቱ ባለቤትም ይማራል። ይህ ነገር የከብት ሐኪሞችን ብቻ የሚመለከት አይመስለንም። መምህር፣ መሐንዲስ፣ ዳኛ ወይም የእርሻ ባለሙያ ሆነን ወደ ገጠሩ የምንወጣ ሁላችን ያው ብቸኝነት ይጠብቀናል። በዚያ ቦታ የሚጠየቅ ሰው ፈልጎ ማግኘትና የራስን ልምድ ጽፎ ለሌላው ማድረስ ከሥራው የተለየ ትርፍ ነገር ሳይሆን የሥራው ግማሽ መሆኑን የደስታ በሽታ ታሪክ በበቂ ዋጋ አስተምሮናል።